ሆድ ለምን ዥንጉርጉር ሆነ? ራሱን የሚበላው የዘር ብወዛ ታሪክ

«ሆድ ዥንጉርጉር ነው» ይላል የአገራችን ሰው። ከአንድ እናትና አባት የተገኙ ልጆች አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፣ አንዷ ቀይ ሌላዋ ጠይም ሲሆኑ የሚባል ነው። አባባሉ የታዘበው ነገር እውነት ነው። «ለምን?» የሚለውን ለመመለስ ግን ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መልሱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ከጥያቄው የባሰ እንቆቅልሽ ጠበቀው። ልጆችን ዥንጉርጉር የሚያደርገው አሠራር በስሌት ሲታይ ገና ድሮ ራሱን አጥፍቶ መቅረት የነበረበት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ከዕለቱ ዜና ትንሽ ፈቀቅ ብለን የዚህን እንቆቅልሽ ታሪክ እናወጋለን። መጨረሻ ላይ ግን ወደምናውቀው ርዕስ መመለሳችን አይቀርም። ስለ ዘር፣ ስለ ደምና ስለ «ንጹህ» ትውልድ የሚወራው ሁሉ ከዚህ ታሪክ ጋር ይላተማልና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ ብወዛው ምንድን ነው?

በሰውነታችን ሴሎች ውስጥ 46 ክሮሞሶሞች አሉ። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። የወንድ ዘር ፍሬ ወይም የሴት እንቁላል ሲሠራ ይህ ቁጥር በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ያለበለዚያ በየትውልዱ እጥፍ እየሆነ ይሄድ ነበር። ይህ የማጋመስ ሥራ ሚዮሲስ ይባላል።

ማጋመሱ ዝም ብሎ ከየጥንዱ አንዱን ማንሳት አይደለም። ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ ዲኤንኤያቸው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከአባት የመጣው ከእናት ከመጣው ጋር ቁራጭ ይለዋወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ክሮሞሶም ብዙ ጊዜ እንዳለ የአባቱም እንዳለ የእናቱም አይደለም፤ ከሁለቱ ተቆራርጦ የተሰፋ አዲስ ነው። ሳይንሱ ሪኮምቢኔሽን ይለዋል። ካርታ ተጫዋች ቢያየው «ብወዛ» ይለው ነበር፤ የካቢኔ ብወዛ ለለመደው የዚህ ቻናል ተከታታይም ቃሉ እንግዳ አይሆንም።

ብወዛው ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ጥንዶቹን እስከ መለያያቸው ሰዓት አያይዞ የሚያቆያቸው ይኸው ልውውጥ ነው። ሳይለዋወጡ የቀሩ ጥንዶች አለአግባብ ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ አንዱ ሴል ትርፍ ክሮሞሶም፣ ሌላው ጎደሎ ይዞ ይቀራል። ብዙ ፅንሶች የሚጨናገፉት በዚህ ዓይነት የአከፋፈል ስህተት ነው፤ የዳውን ሲንድረም መነሻም ይኸው ነው።

▪️ ከዝንብ ክፍል እስከ በቆሎ ማሳ

ነገሩ መጀመሪያ በዓይን የታየው በአጉሊ መነጽር ነበር። ቤልጂየማዊው ፍራንስ ያንሰንስ በ1909 የሳላማንደር ሴሎችን ሲመረምር ጥንድ ክሮሞሶሞች እንደ መስቀል ተጠላልፈው አየ፤ በመጠላለፊያው ላይ ቁራጭ ይለዋወጣሉ ብሎም ጻፈ።

በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶማስ ሃንት ሞርጋን የፍራፍሬ ዝንቦችን በወተት ጠርሙስ ያረባ ነበር። አብረው ይወረሳሉ የተባሉ ባሕርያት አንዳንዴ ተለያይተው ሲወለዱ አስተዋለ፤ የያንሰንስን ሐሳብም ለዚህ ማብራሪያ አደረገው። በ1911 አልፍሬድ ስተርትቫንት የተባለ ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰ ተማሪ ከሞርጋን ጋር ሲያወራ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ሁለት ጂኖች በክሮሞሶሙ ላይ ከተራራቁ በመካከላቸው መቆረጥ የመከሰት ዕድሉ ይበዛል፤ ከተቀራረቡ ያንሳል። እንግዲያው የመለያየታቸው ድግግሞሽ የርቀታቸው መለኪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስተርትቫንት ቤቱ ገብቶ የትምህርት ቤት ሥራውን ወደ ጎን ትቶ አብዛኛውን ሌሊት ሲያሰላ አደረ። ሲነጋ በዓለም የመጀመሪያው የጂን ካርታ በእጁ ነበር። በ1913 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ካርታው የሚለካው በብወዛ ድግግሞሽ እንጂ በሜትር አይደለም። ቢላዋው በየቦታው እኩል የሚያርፍ ካልሆነ መለኪያው ይዛባል። ስተርትቫንት ራሱ ክሮሞሶሙ አንዳንድ ቦታ ላይ ይበልጥ ተሰባሪ ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሙሉ ትርጉም ያገኘው ግን ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በ1931 ሁለት ሴቶች፣ ሃሪየት ክራይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በበቆሎ ላይ ባደረጉት ምርመራ ጥርጣሬውን ዘጉት። ጫፉ ላይ ምልክት ያለው ክሮሞሶም መርጠው፣ ባሕርይ ሲቀያየር የክሮሞሶሙም አካል አብሮ እንደሚቀያየር በዓይን አሳዩ። ማክሊንቶክ ከ52 ዓመት በኋላ በሌላ ግኝቷ ኖቤል ተሸለመች።

▪️ ቢላዋው የሚያርፈው የት ነው?

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በእርሾና በአይጥ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ልውውጡ በአንዳንድ ቦታዎች ላይ እንደሚበዛ ተገንዝበው ነበር። ቦታዎቹን ሆትስፖት አሏቸው፤ «ትኩስ ቦታዎች» ልንላቸው እንችላለን። በሰው ላይ ይህንን በግልጽ ካሳዩት አንዱ የእንግሊዙ አሌክ ጄፍሪስ ነው።

ጄፍሪስን ዓለም የሚያውቀው በሌላ ሥራው ነው። በሴፕቴምበር 1984 በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዲኤንኤ አሻራን ያገኘ ሰው ነው። አሻራው በዓመቱ ከጋና የመጣ አንድ ልጅ በእርግጥ የእናቱ ልጅ መሆኑን አረጋግጦ ከእንግሊዝ ከመባረር አዳነው፤ ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ቤት ገባ። የአሻራው መሠረት ሚኒሳተላይት የሚባሉ፣ አንድ ዓይነት የፊደል ሐረግ ደጋግመው የያዙ የዲኤንኤ ክፍሎች ነበሩ። ጄፍሪስ «እነዚህ ድግግሞሾች ለምን እንዲህ ይለዋወጣሉ?» ብሎ ሲከታተል ትኩስ ቦታዎቹ ላይ ደረሰ።

ዘዴው ቀላል ግን ብልህ ነበር። ቤተሰብን ለትውልዶች ከመከታተል ይልቅ የአንድ ወንድን የዘር ፍሬ መመርመር ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ የአንድ ብወዛ ውጤት ነውና፣ አንድ ሰው ብቻውን ሚሊዮኖች ያቀርባል። በ2001 ጄፍሪስና ባልደረቦቹ ከበሽታ መከላከያ ጋር በተያያዘ አንድ የክሮሞሶም አካባቢ ላይ ልውውጡ ከሞላ ጎደል ሁሉም በ6 ጠባብ ቦታዎች ላይ ተከማችቶ አገኙት። የእያንዳንዱ ስፋት ከ1 እስከ 2 ሺህ ፊደል ብቻ ነበር። ሙሉው የሰው ዲኤንኤ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል መሆኑን አስቡ።

በ2005 የኦክስፎርድ የስታቲስቲክስ ሰዎች ከብዙ ሕዝቦች የተሰበሰበ የዲኤንኤ መረጃ ተጠቅመው በመላው ጂኖም ከ25 ሺህ በላይ ሆትስፖቶች እንዳሉ አሳወቁ። በ2008 ደግሞ ከእነዚህ 40 በመቶ ያህሉ ውስጥ የምትገኝ 13 ፊደል የምትረዝም ምልክት ለዩ። ቢላዋው አድራሻ እያነበበ ነው የሚያርፈው ማለት ነው።

▪️ እንቆቅልሹ

አሁን የታሪኩ እምብርት ላይ ደርሰናል።

ዲኤንኤ ሆትስፖት ላይ ሲቆረጥ እንዴት ነው የሚጠገነው? ጎኑ ያለውን ያልተቆረጠውን ጥንዱን እንደ ቅጂ ተጠቅሞ ነው። በቁርጡ ዙሪያ የጠፋው ጽሑፍ ከጥንዱ ይገለበጣል።

እንግዲህ ከአባት የመጣው ክሮሞሶም ላይ ቢላዋ የሚጠራ «ትኩስ» ጽሑፍ አለ እንበል፤ ከእናት የመጣው ላይ ግን አንድ ፊደል ተቀይሮ ያ ጽሑፍ «ቀዝቅዟል»። የሚቆረጠው የትኛው ነው? ትኩሱ። ሲጠገን የሚገለበጠው ከየትኛው ነው? ከቀዝቃዛው። ውጤቱ ትኩሱ ራሱ ወደ ቀዝቃዛነት ተለውጦ ማረፉ ነው። ቢላዋ በመጥራቱ ራሱን አስፋቀ። እንደ ሻማ ነው፤ ሥራውን በሠራ ቁጥር ራሱ ያልቃል።

ይህ በየትውልዱ ከተደጋገመ ሆትስፖቶች ቀስ በቀስ ተሟጥጠው መጥፋት አለባቸው። በ1997 ሮዝመሪ ሬድፊልድና ሁለት ባልደረቦቿ ስሌቱን ሠርተው ተቃርኖውን በግልጽ አስቀመጡት። ሆትስፖቶች መጥፋት ነበረባቸው፤ ግን በየቦታው ሞልተዋል። ማን እየተካቸው ነው?

በ2005 ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የሰውና የቺምፓንዚ ዲኤንኤ ሲነጻጸር ፊደላቱ 99 በመቶ ያህል አንድ ናቸው። ሆትስፖቶቻቸው ግን አንድ ቦታ ላይ አይገኙም። መጽሐፉ አንድ ሆኖ ሳለ የተሰመረባቸው መስመሮች ፈጽሞ የተለያዩ ሆኑ። ከዝርያ ዕድሜ አንጻር አጭር በሚባል ጊዜ ውስጥ ካርታው በሙሉ ተቀይሯል ማለት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች አንድ በአንድ እንዲህ ሊቀየሩ አይችሉም። አንድ የጋራ አዛዥ መኖር አለበት።

▪️ ሦስት መንገድ፣ አንድ ጂን

አዛዡ የተገኘው ከሦስት የማይተዋወቁ አቅጣጫዎች ነው።

የመጀመሪያው ከጃፓን ነው። በ2005 ተመራማሪዎች በሚዮሲስ ጊዜ ብቻ የሚሠራ አንድ የአይጥ ጂን አገኙ። ጂኑን ሲያጠፉት ወንዱም ሴቷም መካን ሆኑ። ስለ ሆትስፖት ግን የተነሳ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ከፕራግ ነው። ይርዢ ፎረይት ገና በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በዚያን ጊዜዋ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሁለት የቤት አይጥ ንዑስ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የሚወለዱ አንዳንድ ወንዶች መካን እንደሚሆኑ አጥንቶ ነበር። ምክንያቱ አንድ ጂን ያለበት አካባቢ መሆኑን ለየ፤ ጂኑን ነጥሎ ለማውጣት ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። አገሩ ፈረሰ፣ ሥርዓቱ ተቀየረ፣ ፎረይት ግን አይጦቹን አልተወም። በ2009 ቡድኑ ጂኑን በስም አሳወቀ፤ ያው ጃፓኖቹ ያገኙት፣ ፒአርዲኤም9 የሚባለው ሆኖ ተገኘ። በአጥቢ እንስሳት ውስጥ ዝርያን ከዝርያ የሚለይ መካንነት አምጪ ጂን ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛው የሆትስፖት ፈላጊዎቹ መንገድ ነው። በፌብሩዋሪ 2010 በአንድ የሳይንስ መጽሔት እትም ላይ ሦስት ቡድኖች አብረው ወጡ። አንዱ ከፈረንሳይ ሞንፔሊዬ፣ አንዱ ከአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ አንዱ ከኦክስፎርድ ነበር። ኦክስፎርዶች ያቺን 13 ፊደል ሊያነብ የሚችል ፕሮቲን የትኛው ነው ብለው ጂኖሙን ሲያስሱ የደረሱት ፒአርዲኤም9 ላይ ነው፤ ሌሎቹም በአይጥ በኩል እዚያው ደረሱ።

አሠራሩ ይህ ነው። ፕሮቲኑ «የዚንክ ጣቶች» የሚባሉ ተርታ ክፍሎች አሉት። በጣቶቹ ዲኤንኤውን እየዳሰሰ የሚያውቀውን ጽሑፍ ሲያገኝ ይይዘዋል፤ ቦታው ላይ ኬሚካዊ ምልክት ያደርጋል፤ ቆራጩ ፕሮቲን ምልክቱን ተከትሎ ይመጣል። ጣቶቹ ከተቀየሩ የሚነበበው ጽሑፍ ይቀየራል፤ የሆትስፖት ካርታውም በአንድ ጊዜ በሙሉ ይለወጣል።

ጣቶቹ ደግሞ እጅግ ቶሎ ተቀያያሪ ናቸው። ለምን? ጣቶቹን የሚጽፈው የጂኑ ክፍል ራሱ የተደጋገመ ሐረግ ነው፤ ጄፍሪስ አሻራ ከሠራባቸው ሚኒሳተላይቶች አንዱ ዓይነት። ሰውየው ከ1984 ጀምሮ ሲከታተለው የኖረው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ በዚያው ድግግሞሽ ውስጥ መልሱን አገኘ።

እንቆቅልሹም እዚህ ላይ ተፈታ። እያንዳንዱ ሆትስፖት በእርግጥ ራሱን ይበላል። አሮጌዎቹ ሲመናመኑ ግን አዲስ ጣት ያለው ፒአርዲኤም9 ብቅ ይልና ገና ያልተነኩ አዳዲስ አድራሻዎችን ይከፍታል። ሆትስፖቶቹ ይሞታሉ፣ ብወዛው ግን ይቀጥላል። አዲሱ ካርታም ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ መመናመን ይጀምራል።

▪️ የአይጧ ምስክርነት

የፕራጎቹ መካን አይጦች ምሥጢርም በዚህ ተገለጠ። ሁለቱ ንዑስ ዝርያዎች ለመቶ ሺዎች ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል። እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፒአርዲኤም9 አድራሻዎች በየራሳቸው ክሮሞሶም ላይ ፍቀዋል፤ የሌላውን ግን አልነኩም። ሲዳቀሉ የእናት ወገን ፕሮቲን በአብዛኛው የሚይዘው የአባት ወገን ክሮሞሶምን ይሆናል፤ የአባቱም እንዲሁ የእናቱን። ሁለቱ ጥንዶች በአንድ ቦታ ላይ አይገናኙም፣ መግጠም ያቅታቸዋል፣ የዘር ፍሬ ሥራው ይቆማል።

ይህ ማብራሪያ እውነት ከሆነ የሚፈተንበት መንገድ አለው። በ2016 ኦክስፎርዶች የአይጡን የዚንክ ጣቶች አውጥተው በሰው የዚንክ ጣቶች ተኩ። የሰው ጣት በአይጥ ጂኖም ላይ ሠርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የፋቀው አድራሻ የለም፤ ሁለቱንም ወገን እኩል ይይዛል። መካን መሆን የነበረባቸው ዲቃላ ወንዶች ወለዱ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ወፎች ፒአርዲኤም9 የላቸውም፤ ውሾችም አጥተውታል። ያም ሆኖ ይራባሉ። በወፎች ውስጥ ሆትስፖቶቹ ጂኖች በሚጀምሩበት አካባቢ ሰፍረው ለሚሊዮን ዓመታት ሳይነቃነቁ ይቆያሉ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ይህ ጂኗ የማይሠራ፣ ጤነኛና የወለደች ሴት እንግሊዝ ውስጥ መኖሯን ገልጿል። አይጥን መካን የሚያደርግ ጉድለት እሷን እናት ከመሆን አላገዳትም። አዛዡ በሌለበት ማን እንደሚያዝ ዛሬም ይጠናል።

▪️ የማን ካርታ?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ።

ለረጅም ጊዜ «የሰው ልጅ የብወዛ ካርታ» ሲባል የነበረው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዝርያ ቤተሰቦች የተሠራ ነበር፤ አይስላንድ ብቻዋን ትልቁን ድርሻ ትይዛለች። በ2011 ግን ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ አፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። በምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ የሚሠሩ፣ በአውሮፓውያን ላይ ግን ከሞላ ጎደል የማይሠሩ 2,500 ያህል ሆትስፖቶች ተገኙ። ምክንያቱ ፒአርዲኤም9 አፍሪካ ውስጥ ብዙ ዓይነት ስላለው ነው። በአውሮፓ አንዱ ዓይነት ብቻውን አብዛኛውን ሲይዝ፣ በአፍሪካ ድርሻው ግማሽ ያህል ነው። አፍሪካን ያላካተተ ካርታ የሰው ልጅ ካርታ ሳይሆን የሰፈር ካርታ ነበር ማለት ነው። ይህ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የበሽታ ጂኖችን ማሰስ በብወዛ ካርታ ላይ የሚመረኮዝ ስለሆነ የተሳሳተ ካርታ የያዘ የተሳሳተ በር ያንኳኳል።

ብወዛው ሰዓትም ነው። ሁለት ሕዝቦች ሲቀላቀሉ መጀመሪያ ረጃጅም ቁራጮች ይወረሳሉ፤ በየትውልዱ ቁራጮቹ እየተቆረጡ ያጥራሉ። የቁራጮቹን ርዝመት በመለካት መቀላቀሉ መቼ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። በ2012 የታተመ ጥናት አሥር የኢትዮጵያ ሕዝቦችን በዚህ መንገድ ሲመረምር በብዙዎቹ ውስጥ ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ ጋር የተደረገ መቀላቀል አግኝቶ ዘመኑን ወደ 3 ሺህ ዓመት ገደማ አድርጎ ገምቶታል። የሚፎካከሩ ትርክቶች ይህን ቁጥር በየፊናቸው ሊጎትቱት ይችላሉ። ቁጥሩን ያስገኘው መሠረታዊ እውነት ግን አንድ ነው፤ እሱም መቀላቀል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአይጦቹን ታሪክ ይዞ «ዘር ከዘር መቀላቀል የለበትም» የሚል አይጠፋም። ሳይንሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው። የተለያየ ፒአርዲኤም9 ያላቸው ሰዎች በየአህጉሩ ተጋብተው ይወልዳሉ፤ ከላይ ያነሳናቸው 30 ሺህ አፍሪካ አሜሪካውያን ራሳቸው የዚሁ ምስክር ናቸው።

አያቶቻችን ለጋብቻ «እስከ ሰባት ቤት» ዘር ይቆጥሩ ነበር። እስቲ እኛም እንቁጠር። በሰባተኛው ትውልድ 128 የቅድመ አያት ቦታዎች አሉ፤ በአሥረኛው 1,024፤ በአሥራ አራተኛው 16,384። ዲኤንኤ ግን በየትውልዱ የሚቆረጠው በተወሰነ ቁጥር ነው፤ ከአባት በኩል በአማካይ 26 ጊዜ ገደማ፣ ከእናት በኩል ከ40 ትንሽ በላይ። በዚህ ሂሳብ በአሥረኛው ትውልድ ላይ የቁራጮቹ ብዛት ከአያቶቹ ብዛት ያንሳል። ስለዚህ በደም ከምንወርዳቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንዲት ፊደል እንኳን አልተዉልንም። የአባት ስም ተከትለን ሰባት ቤት ስንወጣ የምንጠራው ከ128ቱ አንዱን ነው። ከዚያ አልፈን አሥራ አራት ስም መዘርዘር የቻልን እንደሆነ፣ የመጨረሻው ባለ ስም በዘር ግንዱ ላይ ይኖራል፤ በሰውነታችን ውስጥ ግን ከእሱ የቀረው እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

«የእገሌ ዘር ነኝ» ማለት የታሪክና የማንነት ጉዳይ ነው፤ ማንም ሊነፍገን አይችልም። «ደሜ ንጹህ ነው» ማለት ግን ሚዮሲስን አለማወቅ ነው። ብወዛው ባይኖር ኖሮ ለመወለድም ብዙ ዕድል ባልነበረን ነበር። እኛን የሠራን ልውውጡ ነው። የተለዋወጥንባቸው ቦታዎች እየጠፉ እንኳን፣ ተፈጥሮ ብወዛውን ከማቆም ይልቅ አዲስ ቦታ መፈለግን መርጣለች።

በሚቀጥለው የዘር ክርክር ላይ ይህን ታሪክ አስታውሱት። ሐሳባችሁን ደግሞ ከስር አስፍሩልን።